ልጆቹን እናቶቻቸው ይዘዋቸው እንዲመጡ ያደረጉት ስፖርት ዳይሬክተራችን አቶ ኢያቄም እንግዳ

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰፈር ውጭ ስንፈልጋቸው ቆይተን በመጨረሻ በራሳችን የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ያገኘናቸው የነፋስ ስልክ ንጋት እግር ኳስ ክለብ ስፖርት ዳይሬክተር አቶ ኢያቄም እንግዳ፣ ባደረባቸው አጭር ሕመም ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም. በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል።

የክለቡ ኮሚቴ፣ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች ሐዘን ከባድ ነው። ሆኖም ኮሚቴው ይህን መግለጫ ለማውጣት ተሰብስቦ የአቶ ኢያቄምን ሥራ አንድ በአንድ ሲያነሣ ደጋግሞ ስለሳቀ፣ ሳቁን ከመግለጫው ላለማውጣት በአንድ ድምፅ ወስኗል።

አቶ ኢያቄም በ1960 ዓ.ም. እዚሁ ነፋስ ስልክ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በውኃ ቆጣሪ አንባቢነት ተቀጥረው ከጎፋ እስከ ላፍቶ ያለውን ሰፈር ግቢ ለግቢ እየዞሩ እስከ ዕለተ ሕመማቸው ሠርተዋል። ክለባችንን በ1984 ዓ.ም. በቀኝ ተከላካይነት ተቀላቀሉ። በተጫዋችነት ዘመናቸው አንድ ግብ አስቆጥረዋል፤ እርሱም በራሳችን መረብ ላይ ነው።

በዚያው በ1984 ዓ.ም.፣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሆኑ አሥራ ስምንት ልጆችን በየዓመቱ የማያስመዘግብ ክለብ ከወረዳው ውድድር እንደሚሰረዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። የእኛ ቡድን አማካይ ዕድሜ ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ነበር። የክለቡ ሊቀ መንበር አቶ ግዛው በጽሕፈት መኪና አንድ ማስታወቂያ አዘጋጅተው፣ ክብ ማኅተም አሳርፈው በየመብራት ምሰሶው አስለጠፉ። ማስታወቂያው “ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 የሆኑ ወንዶች ልጆች በሙሉ እሑድ ጠዋት በሜዳው ለምልመላ እንዲቀርቡ” የሚል ነበር።

የልጅ ምልመላ ለጦር ሜዳ ከነበረበት ዘመን አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ያላለፈ መሆኑን በወቅቱ አላሰብንበትም። እሑድ አንድም ልጅ አልመጣም። ከዚያም አልፎ በሰፈሩ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ጠፋ። አንዳንዱ ሰበታ አክስቱ ዘንድ ተላከ። ደብረ ዘይት የከረመም ነበር። የወይዘሮ ገዲሴ ልጅ ፈየራ በግቢያቸው የእህል ጎተራ ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሯል። ኮሚቴው ይህን ሁሉ ባለማወቁ በቃለ ጉባኤው ላይ “በአካባቢያችን የእግር ኳስ ፍላጎት የለም” ብሎ ጻፈ። መፍትሔውም ዲፕሎማ ያለው ስፖርት ዳይሬክተር ከውጭ ማምጣት ነው ተባለ።

በ1985 እና በ1986 ዓ.ም. ሦስት አመልካቾች ቀረቡ። የመጀመሪያው የተጫዋቾች አመራረጥ ዕቅድ እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ ስለ አውሮፓ ክለቦች አሥራ አራት ገጽ ጽፈው አመጡ። ሁለተኛው ሜዳውን ለማየት መጥተው፣ የላፍቶ ከብቶች በመሐል ዳኛው ቦታ ሲያልፉ ተመልክተው፣ መጣሁ ብለው እንደወጡ አልተመለሱም። ሦስተኛው ተቀጠሩ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ወጣት ተጫዋቾችን አመጡ፤ ሰባቱም የአንድ አያት የልጅ ልጆች ሆነው ተገኙ። አሰልጣኛችን አቶ ከድር “ይህ ቡድን ነው ወይስ ውርስ ሊካፈሉ የመጡ?” ሲሉ የጠየቁት በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ሰባቱም ከአጎታቸው ከዳይሬክተሩ ጋር በክብር ተሸኙ።

አቶ ኢያቄም በዚህ ጊዜ ሁሉ ተቀያሪ ነበሩ። ነገር ግን በሥራቸው ምክንያት የማይገቡበት ግቢ አልነበረም። የቆርቆሮ በሩ በጉልበት ከፍታ የተጎደጎደ ከሆነ በዚያ ግቢ ኳስን ዝቅ አድርጎ የሚመታ ልጅ እንዳለ፣ የተሰበረው የላይኛው መስኮት ከሆነ ግን ገና ብዙ እንደሚቀረው ይናገሩ ነበር። የልጆቹን ስም የሚጽፉት በራሳቸው ደብተር፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው።

መጋቢት 1986 ዓ.ም. ወደ ወይዘሮ ገዲሴ ግቢ ገብተው ፈየራ በሁለት ላሞች መካከል ኳስ ሲያሾልክ አዩ። የልጁን ዕድሜ እንደጠየቁ ወይዘሮ ገዲሴ የላሞቹን ዱላ አንሥተው፣ “አንተ፣ ቆጣሪ አንባቢ ነህ ወይስ ልጅ ቆጣሪ? የመብራት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ያንተ ነው አይደል!” አሏቸው። ክለቡ ሁለት ዓመት ያልገባውን ነገር አቶ ኢያቄም የተረዱት በዚህች ቅጽበት ነው። መልሳቸውን ወይዘሮ ገዲሴ ዛሬም በቃላቸው ይዘውታል፦ “እማማ ገዲሴ፣ እኔ ልጅ ይዤ አልሄድም። እሑድ እርስዎ ይዘውት ይምጡ፣ እርስዎ ይዘውት ይመለሱ። ካልወደዱት ዱላውንም ይዘው ይምጡ።”

ወይዘሮ ገዲሴ ዱላውን ይዘው መጡ።

የክለባችን የተጫዋቾች አመራረጥ ስልት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አቶ ኢያቄም ያቀረቡት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ “ምልመላ የሚባል ቃል ይቅር፤ ኳስ ማሳያ ይባል። ልጅን እናቱ ታምጣው፣ እናቱ ትውሰደው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሁን። ለእናቶች አግዳሚ ወንበር ይሠራ።” ሙሉው ይኸው ነው። አቶ ኢያቄም ዳይሬክተር ሆነው ሲሾሙ አቶ ግዛው “ዲፕሎማ የሌለው ሰው ዳይሬክተር ከተባለ ነገ ማልያ አጣቢያችን ፕሬዚዳንት ነኝ ይላል” ብለው ተቃውመው ነበር። አቶ ከድር በበኩላቸው “ሰባት ዘመድ ያመጣብን ባለ ዲፕሎማው ነው” ሲሉ መለሱ። አቶ ግዛው ሳቃቸው ስላመለጣቸው ድምፃቸው በድጋፍ ተቆጥሯል።

በ1988 ዓ.ም. ክለቡ የወረዳውን ዋንጫ አነሣ። ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች ዘጠኙ በእግር ግማሽ ሰዓት ከማይሞላ ርቀት የመጡ ነበሩ፤ የፍጻሜውን ግብ ያስቆጠረው ፈየራ ነው። በዚያ ጨዋታ ዳኛው ያስጠነቀቁት ተጫዋቾቹን አልነበረም፤ አግዳሚውን ወንበር ነው።

ዘንድሮ አብዛኞቹ ልጆች ዕድሜያቸው አልፎ ወደ ዋናው ቡድን ስላደጉ፣ እስከ ሰኞ ኅዳር 16 ቀን አሥራ አንድ አዳዲስ ልጆች ካላስመዘገብን ከውድድሩ የምንሰረዝ ነበርን። ኳስ ማሳያው ለእሑድ ኅዳር 15 ቀን ተይዞ ነበር። አቶ ኢያቄም ግን በየግቢው እየዞሩ እናቶችን ሳይጋብዙ ታመሙ፤ እሑድም ሠልስታቸው ሆነ።

አርብ ከቀብር መልስ ኮሚቴው እዚያው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተመካከረ። አቶ ግዛው “በሠልስቱ ዕለት ኳስ መምታት ነውር ነው፤ ብንሰረዝም እንሰረዝ” አሉ። ይህን የሰሙት የአቶ ኢያቄም እናት ወይዘሮ ብርነሽ ካሉበት ሆነው፣ “ልጄ እሑድ ጠዋት ቤት ተቀምጦ አያውቅም። እናንተ እሱን ሰበብ አድርጋችሁ ልትቀመጡ? ሂዱ! ስትጨርሱ መጥታችሁ ታለቅሳላችሁ” አሏቸው።

ወዲያው ወይዘሮ ገዲሴ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ገበያነሽን፣ “ያንቺ ልጅ አይደል የቆርቆሮ በሬን ከበሮ ያደረገው? እሑድ ይዘሽው ነይ!” አሏቸው። ወይዘሮ ገበያነሽም፣ “የእኔን ብቻ ምን ታያለሽ፣ የማዶዋ ልጅ መስታወቴን ሁለት ጊዜ አውርዶታል!” ብለው ሌላዋን ጠቆሙ። የተሰበረ ሸክላ፣ የጠፋ ካልሲ፣ የተጎደጎደ ቆርቆሮ ሁሉ ተነሣ። ለአራት ዓመት በየቤቱ የተያዘ ቂም በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ተጫዋቾች ዝርዝር ተለወጠ፤ ጸሐፊያችን ጽፎ አልደረሰባቸውም። በአንድ የለቅሶ ድንኳን ይህን ያህል መሳቅ ተገቢ መሆኑን ኮሚቴው አያውቅም፤ ወይዘሮ ብርነሽ ግን ሲስቁ ታይተዋል።

እሑድ አርባ ሦስት ልጆች መጡ። እናቶች ከሠልስቱ በቀጥታ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ መጥተው በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቦታ ያጡት ሣር ላይ ዐረፉ። አንዲት እናት ልጇ ኳስ ሲያሳልፍ እልል ብላ በድንጋጤ አፏን ያዘች፤ አጠገቧ ያሉት “በይው፣ በይው” አሏት። አሰልጣኝ ከድር እስከ እኩለ ቀን አሥራ አንድ ልጆችን መረጡ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አሥራ ስምንቱም ልጆች ተመዘገቡ። ክለቡ አልተሰረዘም። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ከእያንዳንዱ ልጅ ስም ጎን “የመልማይ ስም” የሚል ቦታ አለ። አቶ ግዛው ብዕራቸውን አውጥተው በአሥራ አንዱ አዳዲስ ልጆች መስመር የአሥራ አንድ እናቶችን ስም በራሳቸው እጅ ሞሉ፤ በላዩም ክቡን ማኅተም አሳረፉበት።

ክለባችን የስፖርት ዳይሬክተርነቱን ቦታ ለጊዜው በማስታወቂያ አያወጣም። ሥራውን አግዳሚው ወንበር ይዞታል።

ለእናታቸው ለወይዘሮ ብርነሽ፣ ለእህታቸው ለናዝሬት፣ በየግቢው አብረዋቸው ለዞሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ስማቸውን በደብተራቸው ጽፈው ላሳደጓቸው ልጆች ሁሉ፣ እንዲሁም ለታናሽ ወንድማቸው ለማኑሄ ክለቡ መጽናናትን ይመኛል።

አዳዲሶቹ ልጆች ሐሙስ በአሥር ሰዓት ለልምምድ ሜዳ ይገኙ። ጫማ የሌለው እንዳለ ይምጣ፤ እናት ግን አትቅር።

በኮሚቴው ስም
ማኑሄ እንግዳ
የታዳጊ ቡድን ጸሐፊ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ
ኅዳር 17 ቀን 1989 ዓ.ም.
ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ