ከእረፍት በኋላ የሚረዝም ሜዳ

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። እንጅባራ ብርዷ ዛሬም አልለቀቀም።

ትናንት ጥሊሊ ላይ እንደገና ተሸነፍን። እስከ እረፍት አንድ ለዜሮ ስንመራ ቆይተን፣ ከእረፍት በኋላ ሁለት ገባብን። የኛ የዘንገና ቡድን ልጆች በሁለተኛው አጋማሽ ሌላ ሰው ይሆናሉ… ምን ይነካቸዋል? ልጄ ደርበው የግራ መስመር ተጫዋች ነው። ማታ እንደገባ ተኛ።

ባጃጅ ነጂው ኪዳኑ ጧት የልብስ ስፌት ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሲያማርር ነበር። "ጋሼ፣ ይሄ ሽባባው የሚባል አሰልጣኝ መሀሉን ባዶ ትቶ ሦስት አጥቂ ይደረድራል። ተቀያሪ የሚያስገባው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው።"

ከጎኔ ድንች የምትሸጠው ወርቅአየሁ ሰማችው። "አንተ ባጃጅህ ዳገት ላይ ሲቆምብህም የምትሰድበው መንገዱን ነው።"

ሳቅሁ። ግን እኔም በሆዴ ከኪዳኑ ጋር ነኝ።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ደጋፊዎች ተሰበሰብን። የጥሎ ማለፉ ጨዋታ ዳንግላ ላይ ነው፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። ኪዳኑ ተነስቶ "ከዚያ በፊት ሽባባው ይነሳልን" አለ። ተጨበጨበ። ለክለቡ የሚነግሩ ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጡ ተባለ። በኛ አገር ሰው ሲሻርም በሽማግሌ ነው። ከሦስቱ አንዱ እኔ ሆንኩ። "እርስዎ ካሉበት እምቢ አይሉንም" አሉኝ። የፊታችን ዓርብ እንሄዳለን።

እሺ አልኩ… ሽባባው የጫግኒ ሰው ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቤት ተከራይተው ነው ያሉት። በዚህ ወቅት ተባሮ የትኛው ቡድን ይቀበለዋል?

መጋቢት 6፣ እሑድ

ዛሬ እዚሁ ተጫውተን ሦስት ለአንድ አሸነፍን። እስከ መጨረሻው ሮጡ። ኪዳኑ "ዕድል ነው" አለ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

የደርበው የስፖርት ቦርሳ ማንገቻው ተበጥሶ ልሰፋለት ገለበጥኩት። ከታች ሦስት ዳቦ ወደቀ። ድንጋይ ሆኗል።

ማታ ጠየቅሁት።

"አሰልጣኙ ነው የሚሰጠን። ከጨዋታና ከልምምድ በፊት ቀን ስድስት ሰዓት ላይ።"

"ታዲያ ለምን አልበላኸውም?"

"በዘወትር ቀን? ሁዳዴ አይደል እንዴ አባዬ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንዴት እበላለሁ? ሌሎቹም ከቦርሳቸው ይከቱታል። በላችሁ ወይ ሲለን በላን እንለዋለን።"

"ለምን አትነግሩትም?"

"ጾም የሚያስገድፍ ተብሎ ስሙ እንዳይጠፋ ብለን። ከእረፍት በኋላ ግን ሜዳው ይረዝምብናል።"

ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል። ቅዳሜና እሑድ ስንጫወት እናሸንፋለን… ይሄን ያህል ሰው ሜዳ ዳር ቆመን ስንከራከር እንዴት አንዳችንም አላየነውም? አብዛኞቻችን ስለምንጾም ይሆናል። የለመዱት ነገር አይታይም።

ልተኛ ስል አንድ ነገር ጨመረልኝ። "ደግሞ… ብበላ እርስዎ ያዝኑብኛል ብዬ ነው።"

ሚስቴ እናትነሽ ካረፈች ወዲህ እኔ እስከ ማታ ነው የምጾመው። ቀን ምድጃ አይነድም። አንድ ቀን እንኳ ልጁን ጠይቄው አላውቅም። በዚህ ቤት ያለው ጾም ነው ወይስ ሐዘን? እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ከንስሐ አባቴ ከመምሬ ደረሰ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

"አቅም የሚያጣው አራስና በሽተኛ ብቻ አይደለም። ግን ልጁ ራሱ ይምጣና ይጠይቀኝ። አንተ ስለ እሱ አትጹም፤ ስለ እሱም አትብላ።"

ለደርበው ነገርኩት። ጓደኞቹን ይዞ እንደሚሄድ፣ ለአሰልጣኙም ራሳቸው እውነቱን እንደሚነግሩ ቃል ገባልኝ። የከነገ ወዲያው የሽማግሌዎች ጉዞ ግን አለ። ለደጋፊው ምን ብዬ ልናገር? የሰው ጾም በአደባባይ አይወራም። ደርበውን አስፈቀድኩ። "ይናገሩ አባዬ፣ ሰውየው በኛ ውሸት ከሚባረር" አለኝ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ደጋፊዎቹ ክለቡ በር ላይ ተሰብስበው ጠበቁኝ። "እኔ አልገባም" አልኳቸው። "ልጆቹ በባዶ ሆድ እየሮጡ በልተናል ብለው አሰልጣኙን ዋሽተውታል። የኔው ልጅ አንዱ ነው። እኔን ፈርቶ።"

ኪዳኑ ግን አልተበገረም። "እሺ ጋሼ፣ ሦስቱን አጥቂ ደግሞ ማን ያስተካክላል? ዳቦው?"

ወርቅአየሁ ነች የመለሰችለት። "አንተ ጧት ጧት ፍርፍርህን ገጭተህ ትወጣለህ፣ ጦሞ በሚሮጥ ልጅ ትፈርዳለህ። ዳንግላ ድረስ ብትታገስ ምን ይነካሃል?"

ሰዉ ሳቀ። ኪዳኑ ራሱ ሳቀ። ከሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ተቆጥቶ ሄደ፣ ሌላኛው ከኔ ጋር ተመለሰ። ማንም ወደ ውስጥ አልገባም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ከዳንግላ ተመለስን።

ልጆቹ ሰሞኑን መምሬ ዘንድ ሄደው ነበር። ገሚሱ ተፈቀደለት፣ በላ። ደርበው "በዚህ ሳምንት እችላለሁ፣ እጾማለሁ" ብሎ ለአሰልጣኙ በግልጽ ነገረው። ሽባባውም "እንግዲያው የመጀመሪያው አጋማሽ ያንተ ነው፣ ሁለተኛው በልቶ ተቀያሪ የሚሆነው የባምላክ" አለው።

እንዳለውም አደረገ። ከእረፍት መልስ ልጄን አስወጥቶ ባምላክን አስገባ። ኪዳኑ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ ልጅዎን አወጣው እኮ። አሁንስ ምን ይላሉ?"

ትንሽ ቆንጥጦኛል፣ አልዋሽም። አባት ነኝ። ግን ደርበው አሰልጣኙ አጠገብ ተቀምጦ ባምላክን በእጁ እየጠቆመ፣ እየጮኸ ሲያግዝ አየሁት። እንዲያ ፊቱ በርቶ ካየሁት ቆይቷል።

ጎል የለም፣ በፍጹም ቅጣት ምት አለፍን። ሦስቱ አጥቂዎች አንድም ጎል አላገቡም… ኪዳኑ በመኪና እስከ እንጅባራ የተከራከረው በዚህ ነው። እውነት አለው። ሽባባውም እፊት ወንበር ላይ ሆኖ እየሰማ፣ "እሺ፣ በሁለት እሞክራለሁ" አለው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

እኩለ ቀን ሲቃረብ ደርበው ለልምምድ ሲነሳ "ዛሬ ትጾማለህ?" አልኩት።

ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ። አሰበ።

"ዛሬ አልችልም አባዬ። ደክሞኛል።"

"መምሬ?"

"ሲደክምህ ብላ ብለውኛል።"

ምድጃውን አነደድኩ። ምስር ጣድኩለት። ለኔ ጊዜው ገና ነው… አጠገቡ ተቀምጬ ሲበላ ስለ ቀጣዩ ጨዋታ አወራን።