በረመዳን ጠዋት ለፉአድ የሚጠበሰው እንቁላል

እታለሜ፣

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፤ ከአፈሩ ይልቅ የሰው ወሬ እንዳይከብድሽ። ከተለየሽን ወዲህ የጓሯችን ማንጎ አንድ ጊዜ አፍርቶ አልቋል፤ አሁን ደግሞ እንደገና እያበበ ነው። ከተማችን መርሳ እንደተውሻት ናት። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና አይጠፋም፤ ሰዉም የራሱን ጣጣ ትቶ የእኛን ያማስላል።

መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ልጅሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ፉአድ ደህና ነው። ቁመቱ ጨምሯል፤ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ አሁንም አይለብስም። ስምሽን አይጠራም፤ በር ሲንኳኳ ግን ከሁላችንም ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ።

ቤቱ ግን ተለውጦ ነበር። አክስታችን ዘይነባ "እናት የሌለው ልጅ በወንድ እጅ አያድግም" ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ከሐራ መጡ። ለቅሶሽ ላይ ደረታቸውን ሲደቁ የዋሉት እሳቸው፣ በሕይወት ሳለሽ "ልጇን መቅጣት ሲያቅታት በክኒን አፈዘዘችው" ያሉሽም እሳቸው ናቸው። ያኔ ሰነፍ እናት ነበርሽ፤ አሁን መልአክ ሆነሻል። እዚህ አገር ጥሩ እናት ለመባል መሞት ይበቃል።

የፉአድ አባትም ከጅዳ ይደውላል። ልጁ ምን እንደሚበላ፣ ምን ድምፅ እንደሚያስደነግጠው አያውቅም፤ ስለ መድኃኒቱ ግን እንደ ሼህ ፈትዋ ይሰጣል። በቀደም "ልጄን ሱስ እንዳታስይዙብኝ" አለ። ለፉአድ ስልኩን ስሰጠው መሬት ላይ አስቀምጦት ሄደ። ከሁላችንም የተሻለ መልስ ነበር።

የደሴው ሐኪም የነገረሽን እኔም አጠገብሽ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ክኒኑ ኦቲዝሙን አያጠፋም፤ ፉአድ የጀመረውን እንዲጨርስ፣ ሲጠሩት እንዲያዳምጥ ይረዳዋል። ጠዋት፣ ቁርስ በልቶ ይወስዳል፤ ከተጠበሰ እንቁላል ሌላ ደግሞ ቁርስ አይቀምስም። ማታ አይሰጥም፤ እንቅልፍ ይነሳል። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ረመዳን ሲገባ ግን አክስታችን "በጾም ቀን እዚህ ቤት ጠዋት እሳት አይነድም" አሉ። "ጫት የሚቅመው እንኳ ረመዳን ሲሆን ከመግሪብ በኋላ፣ ማታ ነው የሚቅመው። ይህ ክኒን ከጫት በለጠ እንዴ?" ብለው መድኃኒቱን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አዛወሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቃሚ ሚስት ሆነው ሲኖሩ፣ የቃመ ሰው ዓይኑ እስከ ንጋቱ ሱሑር ለምን እንደሚፈጥ አንድም ቀን አልጠየቁም።

ፉአድ እንቅልፍ አጣ። ሌሊት የአጥሩን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ቀን ሲያለቅስ ሰነበተ። ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው ምርመራቸውን ጨረሱ፤ ጂን ነው። ጂኑን የጠራው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። አክስታችንም ክኒኑን አስቁመው ልጁን ሐራ ወስደው ዱዓ ሊያስደርጉለት፣ እዚያው ሊያስቀሩትም አሰቡ። እኔ ዱዓ አልጠላም። ዱዓ የሚደረግለት ልጅ ቁርስ መብላት እንደማይከለከል ብቻ ነገርኳቸው። "አንተ ደግሞ የማን ሐኪም ነህ? መጀመሪያ ሒሳብህን እለፍ" አሉኝ። አባባ ዝም አሉ። የአባባን ዝምታ ታውቂዋለሽ፤ የጮኸ ሰው እንደ ፈቃድ ይወስደዋል።

በማግስቱ ጾሜን ይዤ ጓዳ ገባሁ። እንቁላል ጠበስኩ፤ ሽንኩርት ሳልጨምር፣ የጠነከረውን ጠርዝ ቆርጬ፣ አንቺ እንደምታደርጊው። ፉአድ በላ፣ ክኒኑን ዋጠ፣ ማታ ተኛ። በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። የዘይቱ ሽታ ግን አጥር አያውቅምና ሰፈሩ ጂኑን ትቶ እኔን ያዘ። "የሟቿ ወንድም በቀን ይበላል" ተባለ። የክፍሌ ልጆች "እስቲ አፍህን ክፈት፣ ቅባቱን እንይ" እያሉ ያላግጡብኛል። ከመካከላቸው የሚበዙት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተደብቀው ብስኩት የሚበሉ ናቸው። አላስረዳኋቸውም። ጾሜን የያዝኩለት ያውቀዋል።

አክስታችን በመጨረሻ እንግዳ ባለበት፣ ማፍጠሪያ ላይ አወጡት። "ወንድሜ፣ ቤትህ ውስጥ በቀን እንቁላል ይጠበሳል። ወይ ልጁን ልውሰደው፣ ወይ ይህን ጾም ገዳፊ ሥርዓት አስይዘው።" ፉአድ የአባባ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። አባባ የያዙትን የቴምር ፍሬ አፋቸው ውስጥ አገላብጠው ጨረሱ። ከመስጊዱ የመጀመሪያው የሶላት ረድፍ ጠፍተው የማያውቁት፣ ሰው ምን ይለኛል ሲሉ የኖሩት አባታችን ልጁን አዩት።

"ነገ የምጠብሰው እኔ ነኝ" አሉ።

እንግዳው ሁሉ ሾርባውን ማየት ጀመረ። አክስታችን መርዶ እንደሰማ ሰው "ኢና ሊላህ" ብለው ተነሱ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ሐራ ተመለሱ። ስንሸኛቸው "ለሟቿ ብዬ ነበር" አሉኝ። ላንቺ ማሰቡን አንቺ ሳለሽ ቢጀምሩት ኖሮ ቢያንስ አንድ ቀን ልጁን ይዘሽ ስትሄጂ ደሴ ሐኪሙ ዘንድ ያደርሱሽ ነበር።

አባባ እንዳሉት ጠበሱ። አሳረሩት። ፉአድ ሳህኑን ገፋው፤ እኔ እንደገና ጠበስኩ፤ አባባ ግን ጓዳው በር ላይ ቆመው እጄን ሲያዩ ቆዩ። አሁን የሚያርባቸው አልፎ አልፎ ነው። ዒድ አልፏል፤ ወሬው ግን አላለፈም። የአንድ ቤት ሰው ሁሉ ጾም ገዳፊ ተብሏል። ይበሉ።

እታለሜ፣ ሰው ሁሉ ስለ መልካምነትሽ ሊነግረኝ ይመጣል። አልሰማቸውም። የእነሱን መልአክ ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ። የማስታውሰው አንቺን ነው፤ ስትደክሚ የምትቆጪውን፣ እንግዳ በር ላይ ቢቆምም ፉአድ የመጨረሻዋን ቁራሽ እስኪውጥ ከጎኑ የማትነሺውን። ቃሌ አንድ ነው፤ እኔም አልነሳም።

ወንድምሽ ሰዒድ