ጠግቤአለሁ ያለውን ሰው ስላመነው ማሽንዎ

ለሰባቱ ፋኖስ ሬስቶራንቶች ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሳን ሆዜ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም የምግብ ፍላጎትዎ የተሟላ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። በስምዎ ጠርቼ ሰላም ባለማለቴ ይቅርታዎ አይለየኝ፤ እስካሁን ለላክኩልዎ አቤቱታ ሁሉ የመጣልኝ መልስ መጨረሻው ላይ «የሰባቱ ፋኖስ ቤተሰብዎ» ከማለት በቀር የሰው ስም ስላልነበረበት፣ ዘመዳሞች መሆናችንን እንጂ ማን እንደሚባሉ ለማወቅ አልታደልኩም። ያለፉትን ደብዳቤዎች ልጄ ዮርዲ በእንግሊዝኛ እያስተካከለች ስትልክልኝ፣ መልሱ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ይደርሰኝ ነበር። ሰው አንብቦ እንዲህ አይፈጥንምና ይህኛውን በአማርኛ ጽፌ አገር እንዲያየው አድርጌአለሁ፤ እርስዎም ቢያንስ የሚያነብልዎ ሰው መፈለግዎ አይቀርም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። እኔ ሸዋረጋ እባላለሁ፤ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ ከባለቤቴ ከተክለጻድቅ ጋር እኖራለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ሽማግሌ በማብላትና በማጠብ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ የራሴን ሽማግሌ ማብላት አቅቶኛል። ተክለጻድቅ በዚህ ከተማ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ መንገዱን ረስቷል፣ የገዛ ቤቱን በር ረስቷል፣ አንዳንድ ቀን እኔንም «እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ይመጡ ይሆናል፣ ልሂድ» እያለ ያፍረኛል። ያልረሳው ይሉኝታውን ብቻ ነው።

በእርስዎ መሥሪያ ቤት ያልተለመደ ሊሆን ስለሚችል ይህን ይሉኝታ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ጨዋ ሰው ምግብ ሲቀርብለት «ጠግቤአለሁ፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል። ይህ ስለ አስተዳደጉ የሚሰጠው ምስክርነት እንጂ ስለ ሆዱ የሚሰጠው መረጃ አይደለም። አቅራቢው «በሞቴ» ይላል፤ እንግዳው «ኧረ በእውነት በቃኝ» ይላል፤ አቅራቢው «አፈር ስሆን፣ ትንሽ ብቻ» ይላል፤ እንግዳውም ያን ጊዜ ሰው ላለማስቀየም ያህል ይጀምርና ሳህኑን ይጠርጋል። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ያለ እንግዳ ስሙ ሆዳም ነው። በመጀመሪያው እምቢታ ሳህኑን ያነሳ ጋባዥ ደግሞ ስሙ ምን እንደሆነ እዚህ መጻፍ ደብዳቤዬን ያበላሽብኛል።

ታዲያ ለምን ቤትሽ አትለማመጪውም ይሉኝ ይሆናል። ስደት ላይ፣ ካርቱም ሳለን፣ ምግቡ ለሦስታችን የማይበቃ ሲሆን ተክለጻድቅ «እኔ ውጭ በልቼ ነው የመጣሁት» ይለን ነበር። ውጭ የበላው ነገር አልነበረም። በሽታው ዛሬ ወስዶ የተወው እዚያ ቤት ነው፤ ሳህን ሳቀርብለት አየት ያደርግና «እኔ በልቻለሁ፤ አንቺ ብይ፣ ለልጅቱም አስቀሪላት» ይለኛል። «በሞቴ» ስለው «ሞትሽን አታንሺብኝ!» ብሎ ይቆጣል። ልጅቱ ዛሬ ሳን ሆዜ የራሷ ቤት አላት፣ የእኛም ፍሪጅ ሙሉ ነው፤ ይህን ለእሱ ማስረዳት ግን አልተቻለኝም።

እንግዲህ ይህ ሰው እንግዳ ሆኖ፣ ተለምኖ፣ ጠግቦ የሚበላው በእርስዎ ቤት ብቻ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቻይናታውን ወዳለው ሬስቶራንትዎ ስንመጣ የሚቀበሉን ወይዘሮ ኳን የሚባሉ፣ ቻይና ውስጥ የጓንዡ ከተማ ተወላጅ የሆኑ አስተናጋጅ ነበሩ። እሱ «ኖ ኖ፣ አይ አም ፉል» ሲላቸው እሳቸው ንግግሩን ትተው ጉንጩን ያዩ ነበር። «በሞቴ» የሚለውን ቃል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ መለማመጡን ግን ከአገራቸው ይዘውት የመጡ ናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «በሞቴ፣ ሚስተር ተክሌ!» ብለው ሲለማመጡት እሱ እንደ ሙሽራ እያፈረ ይበላል። ሻይ ሲቀዱለት ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ አድርጎ ማመስገንን ያስተማሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ የጓንዡ ሰው እንዲያ ነው አሉ የሚያመሰግነው። የተረፈውን በካርቶን ጠቅልለው እጁ ላይ ያስይዙታል፤ በሳምንቱ ውስጥ «ወይዘሮ ኳን የሰጡህ ነው» እያልኩ ከዚያ አበላዋለሁ። በእጁ ያልተቀበለውን ግን ብምል ብገዘት አያምነኝም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ። ቤቱን አድሰው በሩ ላይ «አሁን ልክ በጓንዡ እንደሚበላው!» የሚል ማስታወቂያ ስለሰቀሉልን አመሰግናለሁ። የእህቴ ልጅ ክንፉ ዕቃ ለማምጣት ጓንዡ የሚመላለስ ነጋዴ ስለሆነ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቼ ላክኩለት። እርግጥ ነው፣ እዚያም በስልክ ያዝዛሉ፣ እዚያም ሳህን የሚያመላልስ ማሽን ሞልቷል አለኝ። ነገር ግን በማለዳ ሻይ ቤቱን የሚሞሉት ጋዜጣቸውን የያዙ ሽማግሌዎች ናቸው፤ መሐሉ በሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ተቀምጠው ጥሩ ጥሩው ቁራሽ መጀመሪያ የሚዞረው ወደ አያት ነው፤ እሱ ራሱ አንድ ቀን ብቻውን ሲበላ ከጎኑ የነበሩ የማያውቃቸው ሰዎች ዓሣ ጨልፈው ሳህኑ ላይ አደረጉለት፣ እምቢ ቢላቸው እጥፍ አድርገው ጨመሩለት፤ ሲወጡም «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያሉ ክንድ ለክንድ ተያያዙ። «አክስቴ፣ ቁርጥ እኛን ናቸው» ነው ያለኝ። እርስዎ ማሽኑን አምጥተው ሰዎቹን የተዉት፣ ዕቃው ሲጫን ኮንቴይነሩ ጠቦ ይሆናል ብዬ ተረድቼዎታለሁ።

ሁለተኛ። ሜኑውን ከጠረጴዛ አንስተው ስልክ ውስጥ ስለከተቱልን አመሰግናለሁ። ዓይኔ መድከሙን የማያውቅ ተመጋቢ ቢኖር አሁን ጮክ ብዬ ስፈልግ ያውቀዋል።

ሦስተኛ። ስለ ድመቷ አመሰግናለሁ፤ የድመት ጆሮ ተተክሎለት በሕፃን ድምፅ ስለሚናገረው ማሽንዎ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳህን ተሸክሞ ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ ተክለጻድቅ ወግ ነውና ብድግ ብሎ «ኖር!» አለው። ማሽኑ «በእግዜር» አላለም። ተክለጻድቅ «ልጅ ነው፣ አልሰማም» ብሎ ይቅር አለውና ቁጭ አለ። ከዚያ ማሽኑ በትሕትና ምግብዎን ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ጠየቀው። እሱም እንዳሳደጉት «ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ አይ አም ፉል» ብሎ መለሰ። ማሽኑም «ኦኬ! ሃቭ ኤ ግሬት ዴይ!» ብሎ ትኩሱን ምግብ እንደያዘ ተመልሶ ሄደ። ሲሄድ እያየው ተክለጻድቅ ጠረጴዛውን በሁለት ጣቱ መታ መታ አድርጎ አመሰገነው። እኔ በሚቀጥለው እሑድ ቀድሜ ሳህኑን ከማሽኑ ላይ አንስቼ ፊቱ ሳስቀምጥ፣ የሰው የሰረቅኩ መስሎት ደንግጦ «ሳይጋብዙን?» አለኝ፤ ሰው እንዳያይብኝም በናፕኪን ሸፈነው። ከፍትፍቱ ፊቱ ይላሉ አባቶቻችን፤ እርስዎ ስክሪን ላይ የሚስቅ ፊት ስለሳሉልን በዚህ በኩል ቅሬታ የማቅረብ መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ።

አራተኛ። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ያጣናቸው ወይዘሮ ኳን የት እንዳሉ ብጠይቅ «የሠራተኞቻችንን ምስጢር እናከብራለን» አሉኝ። ምስጢራቸውን ያከበሩትን ያህል እሳቸውን አክብረው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

አምስተኛ። ወይዘሮ ኳንን ለእሑድ ብቻ እንዲመልሱልን ለምኜዎት እንደማይቻል ከገለጹልኝ በኋላ፣ እንግዲያው ማሽኑ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ከሚሄድ ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ ቢያደርጉልን ብዬ ነበር። ዮርዲ ሥራዋ ኮምፒውተር ነውና «እማዬ፣ ኢዚ ነው፣ ሰቲንጉን ቼንጅ ማድረግ ነው» ብላኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። መልስዎ ግን ደንበኛ እምቢ ካለ በኋላ መወትወት ከአክብሮት መመሪያችሁ ጋር እንደሚጋጭ አስረድቶኝ፣ ለደረሰብኝ ቅሬታም የነፃ አይስክሬም ኩፖን አስከትሎልኛል። ኩፖኑ የደረሰኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሲሆን የሚያበቃው በሆሳዕና ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ምን እንደሆነ ለልጄ ሳስረዳት ኖሬ ነበር፤ በኩፖኑ ተገላገልኩ።

ስድስተኛው ከእርስዎ ቤት ውጭ የሆነ ነው፤ ነገር ግን እርስዎና መሰሎችዎ አንድ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ስለሚመስለኝ አብሬ አነሳዋለሁ። ተክለጻድቅ ኮቱ ሲሰፋው፣ ቀበቶው ሲዞርበት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ደግ ሰው ናቸው፤ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ እጁን ይዘው፣ ይርብዎታል ወይ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ተክለጻድቅ ለእኚህ ለተከበሩ ሰው ራበኝ ሊል ነው? ፈገግ ብሎ «ኖ ዶክተር፣ ዶንት ወሪ፣ ኤቭሪቲንግ ኢዝ ጉድ» አላቸው። እሳቸውም ወደ እኛ ዞረው በዚህ በሽታ ሰውነት ራሱ መብላት የሚተውበት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ረሃብም እንደማይሰማው፣ ለመጨረሻውም መዘጋጀት እንዳለብን በለሆሳስ ነገሩን። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ «ውሸቱን ነው! እንደገና ይጠይቁልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ዮርዲ እያለቀሰች እጄን ይዛ «እማዬ ፕሊስ፣ ኖ ካለ ኖ ነው፤ ሪስፔክት ማድረግ አለብን» አለችኝ። ልጄ እዚህ ያደገች ናትና አልፈርድባትም። ሐኪሙም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ የማውቀው ግን ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገው አፉ ማኘኩን ነው።

ከእንግዲህ የምለምንዎ የለኝም። ወይዘሮ ኳን ቢመለሱ እንኳ አሁን የሚደርሱበት አይመስለኝም፤ ባለፈው ሰሞን ማንኪያ ወደ አፉ ሳስጠጋለት ከንፈሩን ገጥሞ አንገቱን አዞረብኝ፤ ያ ወግ ይሁን እውነት መለየት አቃተኝ። ከሁሉ ያመመኝ ይህ ነው። የባሌን እምቢታ ከነትርጉሙ አውቀው ነበር፤ አሁን ጠፋብኝ።

ሆኖም ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ሰውን በቃሉ ማመን ትልቅ ጨዋነት ነው ይባላል። ተክለጻድቅ ልጅ ሳለ እናቱ አላመኑትም፤ ካርቱም ላይ እኔ አላመንኩትም፣ ከድርሻዬ እየቆረስኩ የተረፈኝ ነው እያልኩ አበላው ነበር፤ እርስዎ ቤት ወይዘሮ ኳን አላመኑትም። እዚህ ዕድሜ የደረሰው እኛ ቃሉን የማናምን ሴቶች ስለነበርን ነው። ጠግቤአለሁ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነው የእርስዎ ማሽን ነው፤ ለዚህ ክብር በእሱ ስም እጅ እነሳለሁ።

ፋኖስዎ ከሰባት ወደ ሰባ፣ ከሰባም ወደ ሰባት መቶ ይብዛልዎ፤ የድመትዎ ባትሪ አይድከም፤ እርስዎም ሲያረጁ፣ ዕድሜ ይስጥዎና፣ እምቢ ሲሉ ፈጥኖ እሺ የሚልዎ አገልጋይ አይጡ። ይህን እየተመኘሁ፣ ከማይለወጥ አክብሮትና ከቀዘቀዘ ሳህን ጋር፣ በእርስዎ አጠራር ቤተሰብዎ የሆንኩት፣

ሸዋረጋ
ኦክላንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያለፈው እሑድ ምናልባት ብዬ ይዤው መጥቼ ነበር፤ ምንም ሳይቀምስ ወጣን። በሩ አጠገብ ያቆሙት ማሽን ተመልሰው ይመጣሉ ወይ ብሎ ጠየቀን። እኔ አፌን ሳልከፍት ተክለጻድቅ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነስቶ «የስ የስ፣ ዊ ዊል ካም፣ እግዚአብሔር ካለ» አለው። ማሽኑም ደስ ብሎት ዘፈነ። ክቡር ሆይ፣ ያም ለወግ ያህል የተባለ ነውና፣ ይኸኛውን እንኳ አይመኑት።