አርባው የቃጭል አበባ

ውድ እታለሜ፣

የሰርግሽ ሽር ጉድ እንዴት ይዞሻል? ወገቤን ያመኛል ብለሽኝ ነበር፤ ተሻለሽ? የባሕሩ ነፋስስ ተስማማሽ? የእጮኛሽ እናት ደህና ናቸው? የእኔን ጤና አትጠይቂኝ። አካሌስ ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ ከማክሰኞ ጀምሮ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። «አባዬን ጋዜጣ ላይ ካየሁት ወዲህ ስልኩን አላነሳም። ሰርጌ ላይ እንዳይመጣም አስነግሬዋለሁ፤ አማቶቼን በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ዘጠኙንም ቀን ዝም አልኩሽ። አሁን የምነግርሽን ስታነቢ ብትጠዪኝ እውነትሽን ነው። አባትሽ ግን ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የመመረቂያ ሥራዬ የሶልጎል መንደር አረጋውያን ቤት ጓሮ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከትልቁ የመንደር ዛፍ ሥር ያለው፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ ሣር እንኳ እምቢ ያለው መሬት። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ንድፌን ወለሉ ላይ ዘረጋሁትና አሮጊቶቹ ከበው አዩት። እማማ ኦክቡን ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ቀሰሩና «ይሄ ሁሉ አበባ ለማን ነው? ንቦቹ ማመልከቻ አስገብተው ነው?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጎረቤታቸው እማማ ኩትሱን ደግሞ «ተያት እንጂ! የተማረ ሰው ምሳው አበባ ነው» አሉ። ሳቁ ሲበርድ እማማ ኦክቡን እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ጉልበቴ ተራራ አልወጣም ካለኝ ስድስት ዓመቱ። የተራራ ነጭ ሽንኩርት እዚህ ደጄ ብትተክዪልኝ፣ ቅጠሉን በገዛ እጄ ቀጥፌ ብበላ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ያን ንድፍ ጣልኩት። አዲሱን የሠራሁት በእሳቸው ጀርባ ልክ ነው። ያልተንበረከከ ሰው እጁ እንዲደርስበት መደቡን ከፍ አደረግሁት፤ ዳር ዳሩን የሚደገፉበት እንጨት አቆምኩበት። አባትሽ ከችግኝ ጣቢያችሁ ስድሳ የተራራ ነጭ ሽንኩርት ችግኝ አንድ በአንድ መርጠው አመጡልኝ፤ አፈሩንም አብረን ደለደልን። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሚያዝያ ላይ ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስደርስ ከስድሳው አርባው እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። መምህሮቼና የተመራቂዎቹን ሥራ የሚያወዳድሩት ዳኞች የሚመጡት ሐሙስ ነበር። ለአገር ምድሩ ደወልኩ፤ የተራራ ነጭ ሽንኩርት በዚያ ሳምንት የትም አልተገኘም።

ችግኞቹ ከፀሐይ ከሚጠለሉበት ቤት ኋላ የሚበቅለውን የቃጭል አበባ ታስታውሻለሽ፤ ነጫጭ ቃጭል የሚያንጠለጥለውን። አበባው ሳይወጣ ቅጠሉን ከተራራ ነጭ ሽንኩርት ዓይን አይለየውም። የሚለየው ሽታው ነው። አንዱ ምግብ ነው፤ አንዱ ልብ ያቆማል። ልጆች ሳለን አባትሽ እጃችንን መትተው ያስጣሉን እሱን ነው። ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ደወልኩላቸውና አርባ የቃጭል አበባ ጠየቅኋቸው። «ለየትኛው ቦታ?» አሉኝ። «ከትምህርት ቤቱ ኋላ ላለው ጥላ» አልኳቸው። ዋሸኋቸው። በመኸር ነቅዬ በእውነተኛው እተካዋለሁ፣ ማን ያውቃል፣ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በትንሽ ሰሌዳ ላይ «መርዝ ነው፣ እንዳይበላ» ብዬ ጽፌም ነበር። ሰሌዳውን ብተክለው ዳኞቹ ያነቡታል። ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። ለአሮጊቶቹ «ሥሩ እንዲጸና እስከ መጪው ዓመት አትቅጠፉት» ብቻ አልኳቸው። እማማ ኦክቡን «እስከ መጪው ዓመት ማን ይኖራል ብለሽ ነው?» አሉና ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

አንደኛ ወጣሁ።

ዳኞቹ ከሄዱ በአሥራ አንደኛው ቀን እማማ ኦክቡን እማማ ኩትሱንን ምሳ ጠሩ። ከመደቡ ሁለት እፍኝ ቅጠል ቀጠፉ። አሽትተው እንዳይለዩት፣ መጀመሪያ የቀጠፉት እውነተኛውን ነበርና እጃቸው በነጭ ሽንኩርት ሽታ ተሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ የነኩት ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ሸተታቸው። የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ እየጠቀለሉ በሉ። እማማ ኩትሱን ጥርሳቸውን አሟቸው ስለነበር ሁለት ጉርሻ ብቻ ነው የቀመሱት፤ ሲያስመልሳቸው አመሹና ተረፉ። እማማ ኦክቡንን ሆስፒታል አስገቧቸው።

ፖሊሱ ትምህርት ቤት መጥቶ «ችግኙን ያመጣው ማን ነው?» አለኝ። የአባትሽን ስም ነገርኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። እታለሜ፣ ይህች ናት የእኔ ክህደት፤ አንዲት እውነተኛ ቃል።

በማግስቱ ሁሉንም ልነግራቸው ችግኝ ጣቢያችሁ ሄድኩ። አባትሽ የመግቢያውን ሰሌዳ በውሃ እያጠቡ ነበር፤ እማማ ኦክቡን ሆስፒታል በሕይወት እያሉ፣ አንዱ በጥቁር ቀለም «ነፍሰ ገዳይ» ብሎ ጽፎበታል። ገና አፌን ስከፍት «አውቃለሁ» አሉኝ። «አርባ ቆጥሬ የሰጠሁ እኔ አይደለሁም እንዴ? ጋዜጣው ላይ ፎቶውን ሳይ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ለይቼዋለሁ። ለፖሊሱ እርጅና ነው፣ ተደባልቆብኝ ነው ብዬዋለሁ። አለቀ።»

«ለምን?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሠርቻለሁ፣ ተክያለሁ፣ ዛፎቼም ከእኔ በላይ ቆመዋል። አንቺ ገና አንድ ዛፍ አላሳደግሽም። ሂጂ፣ ተመረቂ። ስታለቅሺ ደግሞ ችግኙ ላይ አትቁሚብኝ።»

አባት የሌለኝን ልጅ ከአንቺ እኩል ዛፍ መግረዝና ችግኝ ማዳቀል ያስተማሩኝ ሰው እንዲህ አሉኝ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? እሺ አልኩ። አጎንብሼ፣ እጅ ነስቼ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሳቸው ስም ተሸፍኜ ተኛሁ፤ መተኛት ከተባለ። በየቀኑ ትምህርት ቤት ሄጄ ሰዎች ሲያጽናኑኝ እሰማለሁ። «አይዞሽ፣ ያ ግዴለሽ ሽማግሌ ሥራሽን አበላሸብሽ» ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ቆሜ ውሃውን ብዙ ሰዓት አየሁት። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝና ተመለስኩ፤ እኔ ከሌለሁ የአባትሽን ስም ማንም አያጠራውም።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። የቀረውን ዛሬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ጠዋት ሶልጎል ሄድኩ። እማማ ኩትሱን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጫማ መደርደሪያው የእማማ ኦክቡንን ሐምራዊ ጫማ አውርደው፣ አፈሩን በመሃረብ እየጠረጉ፣ በነጭ ጨርቅ ይጠቀልሉት ነበር። እማማ ኦክቡን ማረፋቸውን ሳይነገረኝ ገባኝ። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውርጩን፣ ዳኞቹን፣ ሰሌዳውን።

ጫማውን ጠቅልለው አስቀመጡት። ከዚያ «በዓይናችን የምንበላ መስሎሽ ነው?» አሉኝ። ሌላ ስድብ አልወጣቸውም። ብትሰድቡኝ፣ ብትመቱኝ አልኳቸው። «ለመምታት ጉልበት የት አለኝ?» አሉና ገብተው ዶማ አመጡልኝ። «ንቀዪው። ሥሩ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው፤ ጣት የምታህል ከቀረች ተመልሶ ይበቅላል። አንዲት እንዳታስቀሪ።»

ነቀልኩት። ጥቂቱ አብቦ ነበር። ሌሎቹ አሮጊቶች በመስኮት ያዩኛል፤ ማንም አልወጣም። ከረፋድ እስከ ቀትር አፈሩን በጣቴ አበጠርኩት። ሃያው እውነተኛ ብቻቸውን ቀሩ። «እሱንም ልንቀለው?» ስላቸው እማማ ኩትሱን ፊታቸውን አዞሩ። «እሱ የእሷ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ አባትሽ ሄጄ «ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ነው» አልኳቸው። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ታዲያ እኔ ሽማግሌው ስዋሽ የከረምኩት ለምንድን ነው?» ብለው የያዙትን የመግረዣ መቀስ ወረወሩት። ቆይተው አነሱት፣ ጠረጉት። «የመኪናውን ቁልፍ አምጪ፣ በእግርሽ አትሄጂም» አሉኝ።

አሁን ጣቢያው ደጃፍ፣ ጭነት መኪናቸው ውስጥ ነን። እኔ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ፤ እሳቸው አጠገቤ ስኳር ድንች እየላጡልኝ ነው። «በባዶ ሆድ እውነት አይነገርም፣ ብዪ» ይሉኛል። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም። ቅድም ብቻ፣ ወደ ውጭ እያዩ፣ «በእነ ልጄ አገር በዚህ ወቅት ዝናብ ይበዛ ይሆን?» አሉ። ከመቀመጫው ኋላ አዲስ ጥቁር ሙሉ ልብስ በላስቲኩ እንዳለ ተሰቅሏል። ለሰርግሽ የገዙት ነው።

ምን እንደሚፈረድብኝ አላውቅም። ከትምህርት ቤት እንደምባረር ግን አውቃለሁ። ይቅርታሽን አሁን አልለምንሽም። ትዳርሽ ይባረክ፣ እጅሽ የነካው ይጽደቅ፣ ልጆችሽ አያታቸውን እያዩ ይደጉ።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ ለአባትሽ እሰጣቸዋለሁ፤ ፖስታ ቤት የሚያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። ላዩ ላይ ያንቺን ስም ሲያዩ በሁለት እጃቸው እንደሚይዙት አውቃለሁ።

የአባትሽ ተማሪ