ወደ ውስጥ የተባለ አዎ

የካቲት 4

ጠዋት የእንግዶች መቀበያው ባነር ተሰቀለ። ተዘቅዝቆ። ወረደ፣ እንደገና ተሰቀለ። አሁን ደግሞ ከአጋር ዩኒቨርሲቲያችን ስም አንድ ፊደል ጎድሏል። ማን ያስተውለዋል ስንል አለቃችን አስተዋሉ። ጋሼ ስብሰባ ነው የምንላቸው፣ በሌሉበት ነው እንጂ። ስብሰባ ካልጠሩ ቀኑ የዋለ አይመስላቸውም። ለጎደለችው ፊደልም ስብሰባ ጠሩላት።

እኔ ወደ ሥራዬ። ሆስፒታል ውስጥ ነርሶችና ታካሚዎች ሲነጋገሩ የተቀዳ ድምፅ አለ። የኛ ጸሐፊዎች ወደ ጽሑፍ ይገለብጡታል፣ እኔ አርማለሁ። እዚያ ማዶ ደግሞ የአጋሮቻችን ማሽን ድምፁን ያጸዳል፣ ዝምታውን ይለካል። የጋራ ጥናታችን ርዕስ «ዝም ያሉ ታካሚዎች»። ነርሷ መድኃኒቱን ታስረዳለች፣ «ገባዎት እናቴ?» ትላለች። (መልስ የለም)። «ጠዋትና ማታ ነው፣ እሺ?» (መልስ የለም)። በተለይ በዕድሜ የገፉት ሴቶች።

ለምን ዝም ይላሉ? ፈርተው? ታክቷቸው? ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ።

ጥናቱ ከቀናው በሱ ሰበብ አንድ የዶክትሬት ቦታ አለ። እዚያ፣ እነሱ ጋ፣ ሦስት ዓመት። ያንቺ ነው እየተባልኩ ነው። ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። ዝም። «ሰማሽኝ?» አልኳት። ዝም። ቆይታ «በይ ብርድ እንዳይመታሽ» ብላ ዘጋች።

ቅር ብሏታል። አውቃታለሁ።

የካቲት 7

እንግዳዋ ገባች። ለአንድ ወር ነው፣ ተማሪዎችም ይዛ። ሙያዋ የንግግር ድምፅ ጥናት። ፀሐይ ላይ ጃንጥላ፣ ጥላ ሥር ጃንጥላ። ገና ግማሽ ቀን ሳትቆይ ግቢው ሁሉ «ጃንጥላዋ» አላት።

ቋንቋችንን ከመጽሐፍ ተምራ ነው የመጣችው። ሰው ሁሉ ለሷ እርስዎ ነው። በሩ ላይ የተኛችውን ድመት «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» ስትላት ሰማሁ። ድመቷ አሳለፈቻት።

የካቲት 9

ጃንጥላዋ ግራ ገብቷት ቢሮዬ መጣች።

«ጸሐፊዋ ‹መጣሁ› ብላ ሄደች።»

«አዎ?»

«ሄዳለች እኮ። እንዴት መጣሁ ትላለች?»

እስከዛሬ አስቤው አላውቅም። እውነትም መጣሁ ብለን ነው የምንወጣው... ለምን? «እንደመጣሁ ቁጠሪኝ ማለት ይመስለኛል» አልኳት። እርግጠኛ አይደለሁም። እሷ ግን ፊቷ በራ። ቀኑን ሙሉ ከየክፍሉ «መጣሁ» እያለች ስትወጣ ዋለች። ደስ አለችኝ። ጠያቂ ሰው እወዳለሁ።

የካቲት 11

የባህል ልውውጥ ከሰዓት። የነሱ ተማሪዎች ዘፈኑ፣ የኛዎቹ ዘፈኑ፣ ጋሼ ስብሰባ ንግግር አደረጉ። ከሁሉም የረዘመው የሳቸው።

የካቲት 12

እማዬን ደፍሬ ጠየቅኳት። ዙሪያ ጥምጥም የለም።

«እማዬ፣ ልሂድ?»

ዝም።

«ሄሎ?»

«አለሁ።»

«ልሂድ ወይ ነው የምልሽ። ደስ ይልሻል?»

ዝም። ሄሎ ሄሎ ብል ምንም የለም። በኋላ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወራችኝ። ታናሽ እህቴ እዚያው አብራት ናት፣ ብቻዋን አትሆንም። ታዲያ ምንድነው? እሺም እምቢም አትልም። በዝምታ ነው የምትቀጣኝ። እሷ ሳትፈቅድ ልሂድ? አልችልም። እንደማልችል ደግሞ ታውቃለች።

የካቲት 15

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ሻይ እየጠጣን ጃንጥላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሬጅስትራር ያለችው ሴትዮ ለምን ትፈራኛለች?»

«እሷ? እሷ ማንን ፈርታ?»

«ስጠይቃት ትደነግጣለች። ‹ፋይሉ እዚህ ነው?› ስላት እንዲህ...» ብላ ትንፋሿን ሳብ አደረገችው። ወደ ውስጥ፣ አጭር፣ ባለሙያ ስለሆነች ልክ እንደኛ አድርጋ።

ሻዩ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር። «አልደነገጠችም። አዎ ማለቷ ነው» አልኳት።

«ምን?»

«አዎ። ወደ ውስጥ።»

ያድርጉልኝ አለች። ሆን ብዬ ላድርገው ስል እምቢ አለኝ። ሳላስበው ግን በቀን ስንቴ እንደማደርገው እንጃ። «ጸሐፊዋም ታደርጋለች?» ብላ ስትጠይቀኝ መለስኩላት... ሳብ አድርጌ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ስለ አያቷ ነገረችኝ። የእናቷ እናት የነሱ አገር የሰሜን ገጠር ሰው ነበሩ አሉ። እሳቸውም እንዲህ ያደርጉ ነበር። አባቷ «ወፍጮ ቤት ገብታ ዱቄት ያነቃት ድመት» እያለ ያሾፍባቸው ነበር፣ እሷም ከሱ ጋር ትስቅ ነበር። እስከዛሬ የሳቸው ሕመም ይመስላት ነበር።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ አንድ ጥያቄ ከኋላዬ ተከተለኝ። እኛ ስንገለብጥ ይሄን አዎ በምን ፊደል ነው የምንጽፈው?

የካቲት 16

በምንም።

ጠዋት ያልጸዳውን ድምፅ በማዳመጫ ሰማሁ። ነርሷ፣ «ገባዎት እናቴ?» ሳብ። «ጠዋትና ማታ ነው፣ እሺ?» ሳብ። ጥርት ያለ አዎ። ከዚያ የጸዳውን ከፈትኩ። ባዶ። ማሽኑ ትንፋሽ መስሎት ጠርጎታል። እንዲያ ብቻ ቢሆን የነሱ ጥፋት ነው ብዬ እገላገል ነበር። የኛ ጸሐፊዎች ግን ያልጸዳውን ነው የሚሰሙት። እኔም ሳርም የሰማሁት እሱኑ ነው!

አንዷን ጠራኋት። «ይሄን ትሰሚያለሽ?»

«የቱን?»

ደገምኩላት።

«እሱማ አዎ ነው።»

«ታዲያ ለምን መልስ የለም አልሽ?»

«የሚጻፍ ነገር ሲኖር አይደል? በየትኛው ፊደል ልጻፈው?»

እውነቷን ነው። የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ሄድኩበት። የለም። ባዕድ ስለሆነባቸው እነሱ ጣሉት። ከመልመዳችን የተነሳ እኛ አልሰማነውም። መሃል ላይ ያሉት ሴትዮ መልሰው መልሰው ዝም ያሉ ተባሉ።

የካቲት 17

እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ብናገር ጥናቱ ፈረሰ። ጥናቱ ሲፈርስ ቦታዬም አብሮ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ማንም። ቦታውን እፈልገዋለሁ፣ ለራሴ ምን ያሳፍረኛል፣ በጣም እፈልገዋለሁ። ግን እነዚያ ነርሶች በጥናታችን መሠረት «ታካሚዎቻችሁ አይመልሱም» ተብለው ሊሠለጥኑ ነው... በእማዬ የዕድሜ እኩዮች ፊት ቆመው።

ለጃንጥላዋ ሁለቱንም አሰማኋት። በፊት ያልጸዳውን፣ ቀጥሎ የጸዳውን። ደጋግማ ሰማች። ጆሮዋ ቀላ። ተነስታ «መጣሁ» ብላ ወጣች።

ጃንጥላዋን ጥላ ነው የሄደችው። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሸሸች አልኩ በሆዴ። ለካ አገሯ ደውላ ከአለቃዋ ጋር ስትሟገት ኖሯል። ከሰዓት በሩን ከፍታ «እንደመጣሁ ቆጥረሽኛል አይደል?» አለችኝ። አንቺ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

የካቲት 19

ስብሰባ። ጋሼ ስብሰባ እንኳ ያልፈለጉት ስብሰባ።

«ከአጋርነት ውሉ ፊርማ በኋላ ቢሆን ምናለበት?» አሉኝ ኮሪደሩ ላይ። «ለአምስት ዓመት ሊያድሱልን ብዕር አንስተው... አንቺ ትንፋሽ ትያለሽ።»

«ጋሼ፣ አዎ ነው እኮ።»

«አዎ መሆኑን ማን አጣው?» አሉና ራሳቸውም ቆም አሉ።

የጃንጥላዋ አለቃ በስክሪን ገቡ። ሽበታም፣ ከኋላቸው መስኮት። ጃንጥላዋ ነገሩን አብራራችላቸው። አላመኑም። ምሳሌ ታሳየን አሉ። ተነሳሁ። ጃንጥላዋ «ስምሽ በጥናቱ ላይ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳብ አደረግኩ። ክፍሉ በሙሉ ሰማ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር ሰማ።

ከስክሪኑ አንድ ነገር ተናገሩ። ጃንጥላዋ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ተረጎመችው። «ለምን አትመልስም ነው የሚሉት።»

ደገምኩት። «ድምፅ የላትም» አሉ። ጮክ አድርጌ... ትንፋሽ ምን ጮክ ይደረጋል? የስብሰባው ፕሮግራም ራሱ ጫጫታ ነው እያለ ይቆርጠዋል። ጋሼ ስብሰባ ናቸው ቀድመው የሳቁት። ቀጥሎ ሁላችንም። ሽበታሙ ሲገባቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ጥናቱ ተሰረዘ። ፊርማው ለአምስት ዓመት ቀርቶ ለአንድ ዓመት። የዶክትሬቱ ቦታ ለውድድር ክፍት ተደረገ፣ እንደማንኛውም ሰው አመልክቺ ተባልኩ። ጋሼ ስብሰባ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከፋኝም፣ ቀለለኝም።

ደረጃው ላይ ስልኬን ሳወጣ ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ስልክስ? ስልክም እኮ ጫጫታ ይቆርጣል።

እማዬን ስንት ጊዜ ጠየቅኳት? ምን ብዬ? «ሰማሽኝ?» «ልሂድ?» «ደስ ይልሻል?» የእማዬ አዎ ደግሞ መቼ ወደ ውጭ ወጥቶ ያውቃል?

የካቲት 24

እማዬ ጋ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ጥያቄውን ስለማመድ።

ጓዳ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። ሳልቀመጥ፣ «እማዬ፣ ልሂድ ብልሽ ደስ ይልሻል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ሳብ።

«ይሄን... በስልክም ብለሽኝ ነበር?»

ሳብ። ቀጥላም፣ «ስንቴ ልበልሽ? እሺ ስልሽ አንቺ ሄሎ ሄሎ ትያለሽ። ጆሮዋን አሟት ይሆን ብዬ ለእህትሽ ስንቴ ነገርኳት።»

እኔ ቅር ብሏታል እላለሁ፣ እሷ ደንቁራለች ትላለች። ለሦስት ሳምንት ያህል። ሳቅኩ፣ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ቦታው አሁን የኔ አይደለም እማዬ። ውድድር ሆኗል።»

«ተወዳደሪያ» አለችኝ። ቢላዋውን ሰጠችኝ፣ ቀሪውን ሽንኩርት እኔ ላጥኩት።

ሚያዝያ 18

ከጃንጥላዋ ጋር ክርክር፣ በኢሜይል። ወደ ውስጥ ለሚባለው አዎ ምልክቱ ምን ይሁን? እሷ ክብ ትላለች። እኔ ወደ ውስጥ የምታመለክት ቀስት። ጋሼ ስብሰባ ስብሰባ ይጠራ ይላሉ። ቀስቷ አሸነፈች። ጸሐፊዎቻችን ድምፁን ሁሉ ከመጀመሪያ እየገለበጡ ነው። ገጹ በቀስት ተሞላ። ስንት አዎ ነበር ለካ!

ጃንጥላዋ በጨዋታ መሃል ጣል አደረገችልኝ፣ ሰሜን ድረስ ሄዳ የአያቷን ታናሽ እህት ድምፅ ቀድታለች። «እኔ ስስቅባቸው እሳቸው እሺ እያሉኝ ነበር» ብላ ጻፈችልኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ቸግሮኝ ቀስት ላኩላት።

ሰኔ 30

አለፍኩ። በውድድር! እማዬ ጋ ከመደወሌ በፊት ለእህቴ ደወልኩ። «ስልኩን ለሷ ከመስጠትሽ በፊት አንድ ነገር አስተምሪልኝ...»

ጥቅምት 9

ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው። ከሽበታሙ ሰውዬ ኋላ የነበረው መስኮት ለካ ይሄ ነው። ከታች ብስክሌቶች፣ ዝናብ። የጃንጥላዋ ነገር አሁን ገባኝ።

የአዲሱ ጥናት ረቂቅ ደረሰ። «ዝም ያላሉ ታካሚዎች»። በአንድ ፊደል ነው ከድሮው የሚለየው። ባነሩን አስታወስኩና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ዛሬ ስብሰባ ላይ ሽበታሙ «ተስማማሽ?» ሲሉኝ ሳላስበው ሳብ አደረግኩ። አመሰግናለሁ ብለው ቀጠሉ። ማንም አልደነገጠም።

ማታ ላይ እማዬ ጋ ደወልኩ። እህቴ በደንብ አሠልጥናታለች። «በላሽ?» ስላት «አዎ!»። «ጣሪያው ተሠራ?» «አዎ!»። መንደሩ በሙሉ እስኪሰማ። ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፣ የሷ አይመስልም።

«እማዬ፣ ተይው። እንደ በፊትሽ በይልኝ።»

«አይሰማትም ብላኛለች እህትሽ።»

«ግድ የለም። ልጠይቅሽ... እዚህ መምጣቴ ደስ ብሎሻል?»

ስልኩ ጸጥ አለ። ምንም።

ሄሎ አላልኩም።