ሽማግሌዎቹ ያመጡት ወንበር

ለናፈቅሽኝ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከሞጣ ተነስቶ ሳይደክመው ቢቸና ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬም ከእግሯ በቀር ደህና ናት።

አቶ የኔሰው የቢቸናው ሱቃቸው ሥራ አስኪያጅ ሊያደርጉሽ እንደሆነ በስልክ ስትነግሪን እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ዝም አልኩ። አሁን እሷ ቤት ተኝታለች፤ እሺ ከማለትሽ በፊት ልንገርሽ።

እማዬ እዚህ ሞጣ ባለው ሱቃቸው ሥራ አስኪያጅ ከተባለች ወዲህ ሱቁን ከፋቿም ዘጊዋም፣ የዘይት ካርቶን ተሸካሚዋም እሷው ናት። የምታስተዳድረው መጥረጊያውን ብቻ ነው። ትርፍ ሰዓቷን ስትጠይቅ አቶ የኔሰው፣ «ለሥራ አስኪያጅ አይከፈልም፤ ሕግ ነው» አሏት። ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄደች። እዚያ ያለችው ሴትዮ፣ «ሰው ትቀጥሪያለሽ? ታሰናብቻለሽ?» ብትላት፣ «ኧረ እኔ ለቅሶ ለመሄድም እሳቸውን ነው የማስፈቅደው» አለች። «እንግዲያው የሰጡሽ ስሙን ብቻ ነው፤ ክሰሺ» አለቻት ሴትዮዋ።

ክስ ሲባል ዘመድ ተንጫጫ። የአቶ የኔሰው ባለቤት የክርስትና እናቴ አይደሉ? አበ ልጅ እንዴት ይከሰሳል! መሪጌታ አካለ ወልድና ጋሼ ይስማው ለሽምግልና ተላኩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ፤ ጠላ ሲጠጡ ውለው ፊታቸው ወዝቶ ተመለሱ። «ተሳካ!» አሉ መሪጌታ። ምን ይዘው መጡ መሰለሽ? ወንበር! የሚሽከረከር፣ የቆዳ። «ሥራ አስኪያጅ በርጩማ ላይ አትቀመጥም ብለን ተቆጣነው፤ አፈረ።» ትርፍ ሰዓቱስ ብል ጋሼ ይስማው፣ «አንቺ ልጅ፣ ክብር መጥቶልሽ ሳንቲም ትለቅሚያለሽ?» ብለው ገሠጹኝ። ክሱም በዚያው ቀረ፤ ሽማግሌ ያስታረቀውን ማፍረስ ነውር ነው ተባለ።

እማዬ ወንበሩ ላይ አንድ ቀን አልተቀመጠችም። መቼ ብላ? የተሸፈነበት ላስቲክ እንኳ አልተነሳለትም። ሰኞ ዕለት እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ሲላት አቶ የኔሰው፣ «ሥራ አስኪያጅ ሱቅ ጥሎ አይተኛም፤ ምትክ ላኪ» አሉ።

ትምህርት እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ደህና ነው ይላሉ የክፍሌ ልጆች። ይህን የምጽፍልሽ ላስቲኩ ላይ ተቀምጬ ነው፤ በተነቃነቅሁ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

እህትዓለም፣ ወንበር ከሰጡሽ መቆም ይሻለኛል በያቸው። አደራ፣ ሽማግሌ ደግሞ እንዳትልኪ።

እመቤታችን እግርሽን ትጠብቅልሽ። ደንበኛ መጣ፤ ልነሳ።

ታናሽ እህትሽ፣
ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ፣ በአቶ የኔሰው ቸርነት፣ ምክትል ሥራ አስኪያጅ