ያልተሸጠችው የገና ዱላ፦ የአቶ እንኳየሁ ውዱ የሕይወት ታሪክ

አቶ እንኳየሁ ውዱ ከአባታቸው ከአቶ ውዱ አድማሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታዬ ፈንታዬ በወገራ፣ ከዳባት በላይ ባለች የደጋ መንደር፣ በ1911 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። እጃቸው ግን ከብራናው ይልቅ ወደ መጥረቢያው ያደላ ነበርና ከአባታቸው ጋር የገና ዱላና በዱላው የሚመታውን የእንጨት ሩር መጥረብ ያዙ። የወይራውን ጫፍ በእሳት እያሞቁ ቆልምመው፣ ታኅሣሥ ሲገባ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ያወርዱት ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ወይዘሮ ትርንጎ በላቸውን በተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ቤተሰቡ በሙሉ በሥራው ገባ፤ እሳቸው ይጠርባሉ፣ ታናሽ ወንድማቸው ማሩ ሩሩን ያለሰልሳል፣ ወይዘሮ ትርንጎ ይሸጣሉ።

በ1940 ዓ.ም. የገና ዕለት ማለደ የሚባለው የመንደሩ ጭቃ ሹም ልጅ፣ ሩሩ አልፎ ከሄደ በኋላ፣ ማሩን አናቱን በዱላ መታው። ማሩ በማግስቱ ዐረፈ። ዱላይቱም እንኳየሁ ራሳቸው ጠርበው ለማለደ የሸጧት ነበረች። ዳኛው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ ማለደን በነጻ ለቀቀው። ተረቱ ጌታ እንዳይቆጣ የተባለ ነበር፤ ዳኛው ግን ወደ ድሃው አዞረው።

ሰው ሁሉ እንኳየሁ ጠመንጃ ያነሳሉ ብሎ ጠበቀ። ሳያነሱ ሲቀሩ «ጠራቢ ምን ደም አለው» እያለ አማቸው። እሳቸው ግን ከሜዳው ያነሷትን ያችን ዱላ በየዓመቱ ገበያ ላይ ከሸቀጣቸው በላይ ሰቀሏት። ዋጋዋን ለጠየቀ ሁሉ፣ «ሸጋ ዱላ ናት አያ፤ ግን አትሸጥም። ባለቤቷ ማለደ ነው፣ የወንድሜን ራስ የመታባት። ይምጣና ይውሰዳት» ይሉ ነበር። ከዳባት እስከ ማክሰኝት ይህን ያልሰማ ገበያተኛ የለም። ማለደ ግራዝማች ቢባልም በታኅሣሥ ገበያ ብቅ ማለት አልቻለም። እሰይ እንዳንል፣ ማሩም ከመቃብር ብቅ ማለት አልቻለም።

እንኳየሁ በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ፣ ግራዝማቹ የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ዮሐንስን ለዕርቅ ላከባቸው። እንኳየሁም፣ «አይቆጡም ተብሎ ተፈርዶብኛል እኮ አባቴ። ያልተቆጣ ሰው ምን ብሎ ይታረቃል?» አሉ። አባም መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ወጡ።

አቶ እንኳየሁ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ቢያዝንን፣ ታየችንና ዘመናይን ትተው የካቲት 9 ቀን 1963 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጆቹ ሥራውን ይዘዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከጻድቃን ማኅበር ይደምርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ግራዝማች ማለደም ለቀብሩ እንደሚመጡ ስለላኩብን እናመሰግናለን። ዱላቸው ከድንኳኑ ደጃፍ ተሰቅላለች፤ ሲወጡ ይዘዋት ይሂዱ።